ቀስ እያለ የሚተነፍስ ጎማ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የሚያሳስቱን ቁጥሮች

(በኮምቦልቻ ለአውቶሞቲቭ ሠልጣኞች፣ ለጎሚስታ ባለሙያዎችና ለመኪና ባለቤቶች ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የቀረበ)

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ሠልጣኞችና የመኪና ባለቤቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናገረው መንገድ ላይ ስለፈነዳ ወይም ጠዋት መሬት ላይ ተኝቶ ስለተገኘ ጎማ አይደለም። እንዲህ ያለው ጎማ ችግሩን ራሱ ይናገራል፤ ባለቤቱም ሳይፈታና ሳያስጠግን አይነዳውም። የምናገረው በሳምንት 2 ወይም 3 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ብቻ እያጎደለ፣ ቆሞ ሲያዩት ደህና እየመሰለ፣ ባለቤቱን በየእሑዱ ወደ ጎሚስታ ስለሚያመላልስ ጎማ ነው። እኛ ባለሙያዎች ለዚህ ጎማ የምንሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ነፍቶ መሸኘት ነው። ይህ መልስ በየትኛውም መኪና ላይ ስሕተት ነው፤ በስፖርት መኪና ላይ ግን ስሕተቱ ወደ አደጋ የሚለወጥበት መንገድ በጣም አጭር ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚሁ በአንድ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

የስፖርት መኪና ጎማ ከሌላው የሚለየው በመጀመሪያ በጎኑ ቁመት ነው። በጎማው ጎን ላይ 225/40 R18 የሚል ጽሑፍ ብታገኙ፣ 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 40 ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 40 በመቶ መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው ላስቲክ 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 195/65 R15 የተጻፈበት የተለመደ የቤት መኪና ጎማ ግን 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ጎን አለው። አጭሩ ጎን ጠንካራ ሆኖ ስለሚሠራ፣ አየሩ በሩብ ቢጎድል እንኳ ሆዱ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ዓይናችን አየር የጎደለውንና በደንብ የተነፋውን መለየት ያቅተዋል። በእግር መታ መታ አድርጎ ማረጋገጥ የሚባለው የቆየ ልማዳችንም በዚህ ጎማ ላይ ምንም አይነግረንም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የስፖርት መኪኖች ስኮርታ አይዙም፤ በስኮርታው ቦታ አንድ ጠርሙስ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ብቻ ተቀምጦ ይገኛል።

በዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የጎማ ማስጠንቀቂያ መብራትም ቀስታ ትንፋሽን ገና በጅምሩ አይናገርም። አሜሪካ መሣሪያውን በሕግ ያስገደደችው ጎማ ረግቦ ከመፈንዳቱ በፊት ነጂውን እንዲያስጠነቅቅ ሲሆን፣ ሕጉም አየሩ ከታዘዘው መጠን 25 በመቶ ሲጎድል መብራቱ እንዲበራ ነው የሚጠይቀው። 32 የታዘዘለት ጎማ እስከ 24 ወርዶ መብራቱ ገና ላይበራ ይችላል ማለት ነው። በ24 ፒ.ኤስ.አይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ምን እንደሆነ መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እንግዲህ የመኪናችን ዓይንም፣ የእኛም ዓይን በማያዩት ቦታ ላይ የቀረን ነገር በእጅ የሚያዝ የአየር መለኪያ ጌጅ ነው።

ጌጁም ቢሆን በእኛ አገር መንገድ ላይ ያሳስታል፤ ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገውም ይህንን ነው። ጌጅ የሚለካው በጎማው ውስጥ ያለውን አየር ግፊት ብቻውን አይደለም። የሚለካው በውስጡና በውጩ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በዚህች አጭር መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን። የውጩ አየር በደሴ 10.8 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ሲሆን በኮምቦልቻ 11.7 ያህል ነው። ስለዚህ አንዲት መኪና ሙቀቷ ሳይለወጥ ከደሴ ኮምቦልቻ ብትደርስ፣ ከጎማዋ አንዲት ትንፋሽ ሳትወጣ ጌጁ 1 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። ስትመለስ ደግሞ ያንኑ ያህል ከፍ ይላል።

ሙቀት ከከፍታው የበለጠ ያሳስታል። በደሴ ከፍታ 32 የተነፋ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ቁጥሩ 1.5 ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። አሁን አንድ ሰው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ በኮምቦልቻ ቀትር፣ ከመንገድ እንደገባ፣ ጎማው 35 ዲግሪ በሞቀበት ሰዓት 32 አስነፍቶ ማታ ወደ ደሴ ተመለሰ እንበል። በማግሥቱ ጠዋት በ10 ዲግሪ ብርድ ሲለካው 29 ያገኛል። ሦስት ጎደለ ብሎ ይደነግጣል፤ ወደ እኛ ይመጣል፤ እኛም የሌለ ቀዳዳ እንፈልጋለን። ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል። ጎማው በእውነት የሚተነፍስ ሰው ደሴ ላይ በጠዋት ነፍቶ ይወርዳል፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ፍሬኑ ሞቆ ሙቀቱን ለቸርኬው፣ ቸርኬውም ለአየሩ ያስተላልፋል፤ ኮምቦልቻ ደርሶ ሲለካ 34 ወይም 35 ያነባል፤ ጎማዬስ ደህና ነው ብሎ ይተወዋል። ቀዳዳውን ሙቀቱ ሸፈነለት።

ቁጥርን ከሙቀትና ከከፍታ ለይቶ ያለማንበብ ምን ያህል እንደሚያታልል አንድ ስሌት ልጨምርላችሁ። በጅቡቲ ወደብ፣ በባሕር ወለል ላይ፣ በ35 ዲግሪ ሙቀት 32 የተነፋ ጎማ በሚሌና በባቲ አድርጎ ደሴ ቢገባና በ10 ዲግሪ ብርድ ቢለካ ጌጁ እንደገና 32 ገደማ ያሳያል። ብርዱ የቀነሰውን ከፍታው መለሰው። ቁጥሩ ስላልተለወጠ ምንም አልሆነም የሚል ሰው ሁለት ትልልቅ ለውጦች እርስ በርሳቸው እንደተጠፋፉ አያውቅም።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ መግዛት አይደለም። ሙቀቱንና ከፍታውን አራቱም ጎማዎች እኩል ስለሚካፈሉት፣ አንዱን ጎማ ከትናንቱ ቁጥር ጋር ብቻ ሳይሆን ከወንድሞቹ ጋር ማስተያየት ነው። ብርድ መጥቶ ከሆነ አራቱም አብረው ይወርዳሉ። ቀዳዳ ካለ ግን አንዱ ብቻውን ከማኅበሩ ይለያል። የፊትና የኋላ ጎማ የታዘዘላቸው አየር ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ፣ የፊት ፍሬንም ከኋላው ይበልጥ ስለሚሞቅ፣ ማስተያየቱ ግራ ፊትን ከቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላን ከቀኝ ኋላ መሆን አለበት። ሲለካ ደግሞ መኪናዋ ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመች፣ ገና ያልተነቃነቀች፣ በአንድ በኩል የጠዋት ፀሐይ ያላረፈባት ትሁን፤ ፀሐይ የመታው ጎማ ከጥላው በላይ ያነባልና። ጌጁም አንድና ያው ጌጅ ይሁን። የጌጁ ትክክለኛነት በጥቂቱ ቢያጠራጥር እንኳ አንድ ጌጅ አራቱንም እኩል ያሳስታቸዋል፤ ልዩነታቸው ግን ትክክል ሆኖ ይቀራል።

ለደንበኞቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ለ7 ጠዋት በትንሽ ደብተር እንዲመዘግቡ ነው። ማንኛውም ጤነኛ ጎማ በላስቲኩ ውስጥ አልፎ በሚወጣ አየር በወር 1 ወይም 2 ፒ.ኤስ.አይ ያጎድላል፤ ይህ ሕመም አይደለም። ከባልንጀራው ተለይቶ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት የሚያጎድለውን አብዛኛውን ጊዜ ከቫልቮላው ወይም ጎማው ቸርኬውን ከሚነክስበት ጠርዝ እንፈልገዋለን። በየቀኑ አንድና ከዚያ በላይ የሚያጎድል ከሆነ መጀመሪያ ሚስማር ወይም ብሎን እንጠረጥራለን። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ፍርዱ የሚሰጠው በሳሙና ውሃ ነው።

ፍለጋውን ከቫልቮላው ጀምሩ፤ ጎማ ሳይፈታ በአንድ ደቂቃ የሚያልቀው እሱ ስለሆነ። ክዳኑን አንሡና በሞላ የምትዘጋው ትንሿ መርፌ ላይ አንድ ጠብታ የሳሙና ውሃ አሳርፉ። ጠብታዋ ጉብ ብላ ከቆመች መርፌዋ ደህና ናት፤ ቀስ ብላ ካበጠች መርፌዋ ላልታለች ወይም ቆሽሻለች። ከዚያ የቫልቮላውን ግንድ በጣት ወዲያና ወዲህ ገፋ እያደረጋችሁ ሥሩን ተመልከቱ፤ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ከሆነ ስንጥቁ የሚታየው ሲታጠፍ ነው። የግፊት መቆጣጠሪያ (የዳሽቦርዱን መብራት የሚያበራው መሣሪያ) በጎማቸው ውስጥ ያላቸው መኪኖች ቫልቮላቸው ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ በዚህ ውስጥ ተራ የነሐስ መርፌ ካስገባችሁ ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ተበላልተው ይጣበቃሉና ኒኬል የተቀባውን ፈልጉ። ክዳን የሌለው ቫልቮላ ከግቢያችሁ አታስወጡ። ክዳን ጌጥ ሳይሆን ሁለተኛ በር ነው።

ስለ ሚስማር ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። መኪናዋን ቀስ እያላችሁ አስኪዱና የጎማውን ጥርስ ዙሪያውን እዩ። ያገኛችሁትን ሚስማር ግን ሳታስቡ አትንቀሉ፤ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አርጥቡት። አንዳንዱ ሚስማር ጥርሱ ውስጥ ቀርቶ ወደ ውስጥ ያልዘለቀ ነው፤ ትንፋሹም የሚወጣው ከሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጠርዙ ልምጣ። ጎማው የውስጥ ላስቲክ ስለሌለው አየሩን የሚይዘው ጠርዙ ቸርኬውን ነክሶ በመቀመጡ ብቻ ነው። የስፖርት መኪና ቸርኬ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ እርጥበትና ሳሙና ሲቆዩበት ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱም ቀለሙን እያነሣ ጠርዙ በሚነክስበት ቦታ እንደ ቅርፊት ይቆማል። በረዶ ለማቅለጥ መንገዳቸው ላይ ጨው ከሚበትኑ አገሮች ያገለገሉ ሆነው የመጡ መኪኖች ብዙ ጊዜ ይህን ቅርፊት ይዘው ነው የሚመጡት። እኛም ግን እንጨምርበታለን። ጎማ ስናስገባ በልብስ ሳሙና አርጥበን ሳንጠርግ እንዘጋዋለን፤ በክረምቱ የደሴ ጉም የተጠራቀመውን የኮምፕሬሰር ውሃ ሳናፈስ እርጥብ አየር እንነፋለን። እባካችሁ የኮምፕሬሰሩን ታንክ በየጠዋቱ አፍስሱ፤ ጎማ ለማስገባትም ለዚሁ የተሠራውን ቅባት ተጠቀሙ። ቅርፊቱን ስታገኙም በለስላሳ መፋቂያ አንሡት እንጂ በመሞረጃ ማሽን አትብሉት፤ የተበላ አሉሚኒየም አይመለስምና።

ስለ ቸርኬ መሰንጠቅ ስናገር አንድ ያጋጠመኝን ልነግራችሁ ይገባል፤ የራሴም ስሕተት አለበትና። አንድ ደሴ የሚኖር ኮምቦልቻ የሚሠራ ወጣት፣ ዝቅ ያለች ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ግራ ፊቷ ሦስት ወር ሙሉ አሰለቸችኝ። አንዱ ቫልቮላ ቀየረ፣ አንዱ ክር ወጋባት፣ አንዱ ደግሞ ምንም የላትም አለኝ» አለኝ። እኔም ጎማውን ፈትቼ በገንዳ ውሃ ውስጥ አገላብጬ አየሁት፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም። «ወንድሜ፣ ደህና ናት» ብዬ ሸኘሁት። በሳምንቱ ደብተሩን ይዞ ተመለሰ። ቀኝ ፊቷ 32 ጀምራ 32 ላይ ናት፤ ግራ ፊቷ 32 ጀምራ 28 ተኩል ላይ ናት። መሐል ላይ ብርድ የገባበት አንድ ጠዋት ነበር፤ የዚያን ቀን ሁለቱም በአንድ ፒ.ኤስ.አይ ወርደው በማግሥቱ ሁለቱም ተመልሰዋል። ያ ደብተር ከእኔ ገንዳ በላይ እውነቱን ያውቅ ነበር።

ያኔ ነው ጎማውን ከመኪናዋ ክብደት ለይቼ መፈተሼ ስሕተት እንደነበር የገባኝ። መኪናዋን በመፈተሻው ጉድጓድ ላይ አቆምን፤ ክብደቷ በጎማዋ ላይ እንዳለ፣ ታኮ አድርገን፣ እኔ ከሥር በባትሪ እያበራሁ የቸርኬውን የውስጥ ፊት በሳሙና ውሃ ቀባሁት። ምንም የለም። ጎማው ሩብ ዙር እንዲዞር መኪናዋን ገፋ አደረጓት፤ እንደገና ቀባሁ፤ ምንም የለም። በሦስተኛው ሩብ ላይ፣ ጥቂት ደቂቃ ከጠበቅን በኋላ፣ ከቸርኬው የውስጥ ጠርዝ ሁለት ጣት ገባ ብሎ ነጭ መስመር ወጣ። አረፋው ትልልቅ አልነበረም፤ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ ቀስ እያለ የሚወፍር ነበር። ስጠርገው ከሥሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር የምትሆን፣ ከፀጉር የማትወፍር ስንጥቅ አገኘሁ። ስንጥቋ የምትከፈተው ክብደት ሲያርፍባት ብቻ ነበር፤ ገንዳ ውስጥ ተዘግታ ነው የቆየችው። ወጣቱን ስጠይቀው ከወራት በፊት በዝናብ ውሃ የተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ በግራ ፊት ጎማው እንደገባ አስታወሰ። አጭር ጎን ያለው ጎማ ድንገተኛ ምትን የሚያለዝብ ላስቲክ ስለሌለው ምቱን ለቸርኬው ያስረክበዋል፤ የሚሰነጠቀውም ብዙ ጊዜ ከውጭ የማይታየው የውስጡ ፊት ነው።

ወጣቱ ስንጥቁን በአርጎን እንድናስበይድለት ለመነኝ፤ አዲስ ቸርኬ ውድ ነውና ልመናው ይገባኛል። እምቢ አልኩት። አብዛኞቹ ቸርኬ አምራቾች የተሰነጠቀ ቸርኬ እንዲበየድ አይፈቅዱም፤ የብየዳው እሳት በዙሪያው ያለውን አሉሚኒየም ያለዝበዋል፤ በሐረጎ መታጠፊያ ላይ የለዘበ ቸርኬ እንዲሸከመው የምፈልገው ሰው የለም። ያገለገለ ግን ያልተነካ ቸርኬ ፈልገን አገኘንለት።

ጎማውን ስናወጣ ደግሞ ሌላ ነገር አየን፤ ይህንንም ሳትመለከቱ ጎማ አትመልሱ። ረግቦ የተነዳ ጎማ ጎኑ ያለማቋረጥ ስለሚታጠፍ ከውስጥ ይፋቃል፤ ከታች የሚጠራቀመው የላስቲክ ብናኝ የተፈጨ ቡና ይመስላል፤ በጎኑ የውስጥ ፊት ዙሪያም የተፈተገ ቀለበት ይታያል። ይህን ካያችሁ ቀዳዳው ቢደፈንም ጎማው አልቋል፤ በውጭ አዲስ መምሰሉ አያታልላችሁ። በወጣቱ ጎማ ውስጥ ብናኝ አልነበረም፤ በየሳምንቱ እየነፋ መቆየቱ ያንን አትርፎለታል።

ስለ ጥገናው የምጨምረው ትንሽ ነው። ቀዳዳ የሚጠገነው በጥርሱ ክልል ውስጥ ሲሆንና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ነው። በትከሻውና በጎኑ ላይ ያለ ቀዳዳ አይጠገንም። ከውጭ የሚወጋው የላስቲክ ክር መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ወደ ጋራዥ መድረሻ ነው፤ በፍጥነት ለሚነዳ መኪና የመጨረሻ ጥገና ሊሆን አይገባም። ጎማው ወጥቶ፣ ውስጡ ታይቶ፣ ቀዳዳውን የሚሞላ ግንድና ከውስጥ የሚለጠፍ ላስቲክ በአንድነት ሊገባለት ይገባል። ማሸጊያ ፈሳሽ ያፈሰሳችሁ ባለቤቶች ደግሞ ለጎሚስታው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ፈሳሹ የግፊት መቆጣጠሪያውን ሊደፍነው ይችላል፤ ለእኛም የምንፈልገውን አረፋ ይደብቅብናል። ቸርኬው ተመልሶ ሲታሰር ብሎኖቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጠበቁ።

ከጥገና በኋላ መኪና በዚያው ሰዓት ደህና ነች ብላችሁ አታስረክቡ። በሦስት ተከታታይ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ መኪናዋ ሳትነቃነቅ፣ በዚያው በአንዱ ጌጅ ግራና ቀኟ ይለካ። ወጣቱ ሦስቱን ጠዋት ራሱ ደሴ ላይ ለክቶ ደወለልኝ። የመጀመሪያው ቀን 32 እና 32፣ ሁለተኛው ቀን ብርድ ስለነበር 31 እና 31፣ ሦስተኛው ቀን እንደገና 32 እና 32 ነበር። ያኔ ፋይሉን ዘጋሁት።